የሐጂ ሞተርና ከርከሮው

ከዲላ ወደ ቡሌ በሞተር ስወጣ አፌን ዘግቼ መንዳት የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አንደኛው ትንኝ ነው። ከዝናብ በኋላ በቡናው ጥላ ሥር እንደ ጭስ ይንሳፈፋል፤ አንዴ ጉሮሮ ከገባ ደግሞ ሳል አያወጣውም። ሁለተኛው ጉሬዛ ነው። ጉሬዛን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነጭ ካባ የደረበ ጨዋ ፍጥረት አድርጎ ያስበዋል። ዛፉ ሥር በሞተር ለሚያልፍ ሰው ግን ከላይ ሆኖ የሚሸና እንስሳ ነው። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። በመጀመሪያው ቀን የራስ ቁሬን ነካውና ሳቅኩ። በሁለተኛው ቀን ቀና ብዬ እያየሁት ነበር።

ሦስተኛው ጥርኝ ነው። ጥርኝ የሚጸዳዳበት ቦታ አይቀያይርም፤ አንድ ቦታ ይመርጥና በየቀኑ እዚያው ይመለሳል። በእኔ መንገድ ላይ የመረጠው ቦታ ገደሉ አፍ ላይ ያለችው ጠባብ ኩርባ ናት። በቡና መልቀሚያ ወራት ቀይ ፍሬ እየበላ ፍሬውን ከነገለባው እዚያ ይከምረዋል፤ ሲጠቁር፣ ሲረጥብ፣ ዝንብ ሲያለብሰው ከሩቅ ይታያል። የኋላ ጎማዬ በላዩ ሲያልፍ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱን ሁሉ ሽታው ከእኔ ጋር ይወጣል። የጅቡን አልናገርም። ጅብን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፣ የበላውን ግን ብዙ ጊዜ።

በክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስተምረው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር ነኝ። በመስከረም መጨረሻ ሰሌዳው ላይ «አስጸያፊ የሚባል እንስሳ የለም፤ ሥራውን የሚሠራ እንስሳ ብቻ ነው ያለው» ብዬ በትልቁ ጽፌ ተማሪዎቼን በደብተራቸው አስገልብጫቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በጣም ወድጄው ነበር።

ሞተሯ የእኔ አይደለችም። ዲላ የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ባለቤት የሆኑት ሐጂ ናቸው የገዟት። ሐጂ በወጣትነታቸው ከቡታጅራ በኩል መጥተው ዋናው መንገድ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፍተው ያረጁ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው የሚነዷት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ይሄዱባታል። የቀረውን ሳምንት እኔ ትምህርት ቤት እሄድባታለሁ፤ ያለ እሷ ዳገቱን በሚኒባስና በእግር መውጣት ነበረብኝ። በልዋጩ ደብዳቤያቸውን አነብላቸዋለሁ። ሐጂ ቁርኣን ይቀራሉ፣ አማርኛም አሳምረው ይናገራሉ፣ የአማርኛን ፊደል ግን አያነቡም። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከውኃ መሥሪያ ቤት፣ ከንግድ ቢሮ የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ መልሱንም እሳቸው እንዳሉት እጽፋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙኝ። አንድም ቀን «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ከስሙ በታች ይፈርሙ ባልኳቸው ቦታም ይፈርማሉ።

ቁልፉን በመጀመሪያ ቀን ሲሰጡኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር ያሉኝ።

«የክርስቲያን ሥጋ እንዳትጭንባት፣ መምህር። በምግብህ ገብቼ አይደለም። እኔ ሶላት የምሄድባት ስለሆነች ነው።»

«ገብቶኛል፣ ሐጂ።»

«ሐሙስ ማታ ደግሞ ታጥባ ትግባ።»

እኔ ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው፤ ሆኖም የዚህ አገር ሰው የጎረቤቱን የሥጋ ሕግ ከራሱ ሕግ እኩል እያወቀ ስለሚያድግ ነገሩ አልከበደኝም። በበዓል ሰሞን እናቴ ከገጠር የላከችልኝን ሥጋ እንኳ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በእግሬ ተሸክሜ ነው የገባሁት። ሐጂ አይተውኝ ነበር፤ በማግስቱ ሻይ ልከውልኛል።

ረቡዕ ማታ አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ከማዘጋጃ ቤት ነው፤ ስለ ሱቁ ቦታ ይመስላል። ቸኩዬ ስለነበር «ነገ ስትመለስ ታነብልኛለህ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ጥቅምት ነበር። ከዲላ እንደወጡ ያለው ቡና እየሳሳ እንሰቱ እየበዛ የሚሄድበት ቦታ ላይ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። ከግራ በኩል፣ ከእንሰቱ መሐል፣ አንዲት ትልቅ ከርከሮ ብቅ አለች። እዚህ ላይ ማብራራት ያለብኝ ነገር አለ። መጽሐፉ ከርከሮ የሚለው የቆላውን፣ ፊቱ ላይ ኪንታሮት ያለውን ነው፤ ይኼኛው ጆሮው ላይ ጸጉር የሚንጠለጠል፣ በደንና በእርሻ የሚኖር የዱር አሳማ ነው። ሰዉ ግን ሁለቱንም ከርከሮ ስለሚል እኔም እንደዚያው እላለሁ። እንሰትን ከሥሩ ቆፍሮ ስለሚበላ በዚህ አገር ገበሬ ዘንድ ከእሱ የባሰ ጠላት የለም።

ፍሬን ያዝኩ። መንገዱን በእርጋታ አቋርጣ ወደ ታች ወረደች። አለፈች ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ። ስህተቴ ይኸው ነው። ከርከሮ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ እንደሚሄድ ባለፈው ሳምንት ለአርባ ተማሪ አስረድቻለሁ። ሁለተኛው ከፊቴ አለፈ። ሦስተኛው የፊት ጎማዬ ሥር ገባ።

ሕፃን አልነበረም፤ የአንድ ትልቅ ውሻ ያህላል። ሞተሯ በላዩ ወጣች፣ ተገለበጠች፣ እኔም በሁለቱ ላይ ወደቅኩ። ክርኔ ከመላጡ በቀር አልተጎዳሁም። የተጎዳው እሱ ነው። ሆዱ የእግር መርገጫው ብረት ላይ ተተርትሮ ነበር፤ የወደቅኩትም እዚያው ላይ ነው። ሱሪዬ ከጉልበት እስከ ወገብ ሞቀ። ስነሣ የተፈጨ እንሰት የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ከጭኔ ላይ ተንሸራተተ። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁና አጎንብሼ ተመለከትኩ። ወስፋት ነው። እንደ እርሳስ የረዘሙ፣ ሐመር ሮዝ የሆኑ፣ ብርዱ ሲነካቸው የሚጠማዘዙ ወስፋቶች። በሥዕል ብዙ ጊዜ አስተምሬአቸዋለሁ፤ የወንዱ ጅራት ጠምዛዛ የሴቷ ቀጥ ያለ ነው። አንዱ በካልሲዬ አፍ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር። ወንድ ነበር።

አስመለሰኝ። ግን ይህም አይደለም የከፋው። የከፋው ቀጥሎ የመጣው ሽታ ነው። ሞተሯ በጎኗ ተኝታ፣ ሞራና ሥጋ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ተለጥፎ ይንጫጫ ነበር። መጀመሪያ የጸጉር ቃጠሎ ሸተተኝ፤ ያ ሲያልቅ ጥብስ ሸተተኝ። ጥሩ ጥብስ፣ የበዓል ጥብስ። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ሆዴ ጮኸ፣ ምራቄም በአፌ ሞላ። ያንን ምራቅ መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ ቆሜ ነበር። ሰውነቴን እንደዚያ ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

ድምፁን ሰምተው ሦስት ገበሬዎች ከእንሰቱ መሐል መጡ። ሽማግሌው የማሳው ባለቤት ናቸው፤ ሁለቱ ጎልማሶች ጎረቤቶቻቸው። በጌዴኦኛ ነው የተነጋገርነው።

«መምህር፣ አንተ ተርፈሃል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ተርፌያለሁ፣ አባባ።»

«እሱስ?»

«ሞቷል።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ። እኛ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ውሻ አሰልፈን፣ ቆርቆሮ ስንደበድብ ከርመን አንዱን እንኳ አልያዝንም። አንተ ቁጭ ብለህ ገደልከው።»

«ነገም በዚሁ ሰዓት እለፍ» አለኝ አንደኛው ጎልማሳ፤ «እናቱን እንልክልሃለን።»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ጨርሰው መንገዱን አመለከቱኝ። እዚያ ሊተው አይችልም፤ ከቀረ ማታ ጅብ ይጠራል፣ ጅብ ከመጣ ደግሞ ፍየሎቹን ሳያይ አይመለስም። ወደ ገደሉ መጣል አለበት።

«እናግዝህ ነበር» አለ ሁለተኛው፣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ እየሄደ፤ «ግን እኛ ቤት እህል እንነካለን።»

«እኔም እኮ ጠመኔ እነካለሁ።»

«ጠመኔ አይበላም፣ መምህር።»

ቀርከሃ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ሽታው በማይደርስባቸው፣ በነፋሱ መምጫ በኩል ቆመውም አቅጣጫ ያሳዩኝ ጀመር። በቀርከሃው ስገፋው ቆዳው ብቻ ይሄዳል እንጂ አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሁለት የእንሰት ቅጠል ወረወሩልኝ። ቅጠሉን በእጄ ጠቅልዬ የኋላ እግሩን ያዝኩ። የእንሰት ቅጠል ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ ግን ያልፋል። እየጎተትኩት ሳለ ክንዴን አንድ ነገር በላኝ። ሳየው መዥገሮቹ ናቸው። መዥገር የተጣበቀበት እንስሳ ደሙ ሲቀዘቅዝ ሌላ ሙቅ አካል ይፈልጋል። ቅርብ የነበረው ሙቅ አካል የእኔ ነበር። እጅጌዬ ላይ በሰልፍ ይወጡ ነበር።

እንደምንም ገደሉ ውስጥ ጥዬው ትምህርት ቤት ስደርስ ደወሉ ተደውሏል። ግቢው ቧንቧ ላይ በዱቄት ሳሙና ሱሪዬን ከነለበስኩት አጠብኩት፣ እጄን አምስት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሞተሯ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋሁ። የመምህራን ክፍል ውስጥ የሆነውን ተናገርኩ። የአማርኛ መምህርታችን ደግ ሴት ናት፤ እንደ ወንድሟ ነው የምታየኝ። እስክጨርስ በጥሞና ሰማችኝ።

«ጌታ ስላተረፈህ ይመስገን፣ ወንድሜ» አለች፤ «አሁን ግን ወደ መስኮቱ በኩል ተቀመጥ።»

ያን ቀን የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ስለ ጥገኛ ተውሳኮች አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን ጥዬ እወጣ ነበር። ስለ ብርሃን እያስረዳሁ ሳላስበው በየመሐሉ ወደ በሩ እየሄድኩ በባልዲው ውኃ እጄን እታጠባለሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ስለ ብርሃን የምትጠይቅ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«መምህር፣ አስጸያፊ እንስሳ የለም ተብለናል በደብተር።»

«አዎ።»

«ታዲያ እጅህ እስኪያልቅ ለምን ትታጠባለህ?»

ክፍሉ ሳቀ። ስለ ጀርሞች አጭር ማብራሪያ ሰጠሁ። ማብራሪያው ትክክል ነው። ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረም፤ እጄ ከሁለተኛው ሳሙና በኋላ ንጹሕ እንደነበረ አውቃለሁ።

ከሰዓት ወደ ዲላ ስወርድ የማስበው ስለ ሐጂ ብቻ ነበር። የክርስቲያን ሥጋ እንዳትጭንባት ያሉኝ ሰው ሞተር በከርከሮ ሞራ ተቀብታለች፣ ነገም በነጭ ጀለቢያ ይቀመጡባታል። መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን የሚያሳዩትን የመጸየፍ ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ጠዋት እኔ ራሴ ያሳየሁት ፊት ነው። ያን ፊት ወደ እኔ ዞሮ ማየት አልፈለግኩም። በደንብ ከታጠበች ነገሩ የለም ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። ለራሴ ስሆን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ማንም እጁን አያወጣም።

ከከተማው መግቢያ ያለው ላቫጆ ገባሁ። አጣቢው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚያጥብልኝ ወጣት ነው።

«ዛሬ ጭቃ በዝቶባታል፤ በደንብ እጠባት» አልኩት።

በውኃ ቱቦው ካቴናውን ሲመታው ቆየና ተጎንብሶ አየ።

«መምህር፣ ይሄ ጭቃ ጸጉር አለው።»

«ውሻ ገጭቼ ነው።»

ለምን ውሻ እንዳልኩ ላብራራ። ከከርከሮ ቀለል ያለ፣ በየመንገዱ የሚያጋጥም፣ ማንንም የማያስቀይም እንስሳ ስፈልግ ቶሎ የመጣልኝ እሱ ነው። አጣቢው ግን ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠና ቀና አለ።

«የሐጂ ሞተር አይደለች?»

«ናት።»

«ነግረሃቸዋል?»

«ምኑን?»

«ውሻውን ነዋ። በእስልምና ውሻ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ነው የሚታጠበው። አንዱ በአፈር። እንደ አሳማ ማለት ነው።»

አላወቅኩም ነበር። የሥጋ ሕጋቸውን አውቃለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ስለ ማጠቡ ሕግ ምንም አላውቅም ነበር። አጣቢው ግን ሳልጠይቀው ሥራውን ጀመረ። ከግቢው ጥግ ንጹሕ አፈር በባልዲ አመጣ፣ በውኃ በጠበጠው፣ ሞተሯን ከመሪ እስከ ፓራፋንጎ አለበሳት። ከዚያ በውኃ አወረደው። ከዚያ እንደገና። እኔ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሲሳሳት ላርመው ብዬ ነበር፣ አልተሳሳተም። ሰባተኛው ውኃ ጠርቶ ሲወርድ ደረቴ ቀለለኝ። እንግዲህ በራሳቸውም ሕግ ንጹሕ ናት፤ እንስሳውን መቀየሬ ምን ለውጥ ያመጣል አልኩ።

ሐጂ በረንዳው ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ሞተሯን ሲያዩ ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ለሠርግ ነው እንዴ ያጠብካት?»

«ውሻ ገጭቼ ነበር፣ ሐጂ። ሰባት ጊዜ አሳጥቤአታለሁ፤ አንዱን በአፈር።»

አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዩኝ። ፊታቸው የፈራሁት ፊት አልሆነም፤ ለሰለሰ።

«ሰባቱን ማን ነገረህ?»

«ጠይቄ ነው።»

«ለእኔ ብለህ?»

«አዎ።»

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። ወላሂ፣ የገዛ ልጄ ይህን አያስብልኝም።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ውሻው ባለቤት ነበረው? ካለው ነገ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ውሻ ለገበሬ ዘበኛው ነው።»

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ፖስታውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ማዘጋጃ ቤቱ የሱቁን ቦታ ማስረጃ ይዘው እንዲቀርቡ ነው የጠየቀው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳልቀንስ አነበብኩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ድምፄ ከሌላው ቀን የተለየ እንዳይሆን እጠነቀቅ ነበር። የተላጠው ክርኔ ላይ መዥገር የቀረ ይመስል እያከከኝ ነበር፤ አላየሁትም።

ዓርብ በሚኒባስና በእግር ወጣሁ። ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሞተሯ በግቢው ውስጥ የለችም፤ ከአጥሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር፣ ብቻዋን ቆማለች። ሐጂ በረንዳው ላይ ናቸው። ጀለቢያውን ቀይረው የሱቅ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ከፊታቸው፣ መሬት ላይ፣ አንድ የተጨማደደ ጋዜጣ አለ።

«ና ተቀመጥ፣ መምህር» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«የሳይንስ አስተማሪ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

በከዘራቸው ጫፍ ጋዜጣውን ገለጡት። ከውስጡ የሚወጣው ሽታ ከማየቴ በፊት ደረሰኝ። አንድ ቀን በጋለ ሞተር ሥር የዋለ ሥጋ ሽታ ነው፤ ጣፋጭነት አለው፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ጥቁር፣ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ከአናቱ የተቆረጠ ጅማት የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ጅማቱ ላይ ነጫጭ የዝንብ እንቁላል ተደርድሯል።

«ውሻ ሰኮና አለው?» አሉኝ።

ከሞተሩ ሥር ያለው መከላከያ ብረት ሁልጊዜ በጭቃ የተሞላ ነው፤ ውኃ ከላይ ቢወርድ ከሥር ያለውን ጭቃ አያነሳውም። ይህን ማስረዳት እችል ነበር።

መስጊድ የሆነውን እሳቸው ነገሩኝ። መስጊዱ በር ላይ ፀሐይ ላይ አቁመዋት ገብተዋል። ከሶላት በኋላ ጓደኞቻቸው በሞተሯ ዙሪያ ቆመው ሲያወሩ ሐጂ ስለ እኔ እየነገሯቸው ነበር፤ ጴንጤ ተከራይ አለኝ፣ ውሻ ገጭቶ ለእኔ ሶላት ብሎ ሰባት ጊዜ አጥቦ አመጣልኝ እያሉ። ሽታው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንዱ ጓደኛቸው ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርጋት ደረቁ ጭቃ ተሰብሮ ወደቀ፣ ሰኮናውም አብሮት። ሌላው ጫማውን ወደ ኋላ ሳበ።

«በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ። «ሞተሯን ጎረቤት ገፍቶ አመጣት።»

«ሐጂ፣ ከርከሮ ነው። መንገድ ላይ ገባብኝ። ሆን ብዬ አይደለም።»

«ከርከሮ ሆን ተብሎ አይገጭም። ያን ጊዜውኑ ብትነግረኝ ምን እል ነበር? አጥባት እልህ ነበር። ታጥባለች፣ አፈር አለ፣ ውኃ አለ።» ጋዜጣውን በከዘራቸው መልሰው ሸፈኑት። «ትናንት ማታ ውሻ ካልከኝ በኋላ ደብዳቤ አነበብክልኝ።»

«ደብዳቤውን በትክክል ነው ያነበብኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ።

ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ እመርጥ ነበር። ፖስታውን ከኪሳቸው አውጥተው ወዲህና ወዲያ አገላበጡት፤ ፊደሎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው። ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያነበብኩላቸው ወረቀት ሁሉ፣ በእኔ ቃል የፈረሙበት ሁሉ፣ በዓይናቸው ሲያልፍ ይታየኝ ነበር።

«ሞተሯን ውሰዳት» አሉኝ በመጨረሻ። «ያ ዳገት በእግር አይወጣም። ልጆቹም ይጠብቁሃል። ዓርብ ግን አታምጣልኝ፤ እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ።»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤው ይቆይ።»

ሰኮናውን በጋዜጣው ጠቅልዬ ከግቢው ጀርባ ቀበርኩት። መከላከያ ብረቱን ራሴ ፈትቼ አጠብኩት፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ያለ ምስክር። እሑድ ሙሉ ቀን ሞተሯን ብሎን በብሎን ስፈታ ዋልኩ። ምንም አላገኘሁም። ሽታው ግን ዳገት ላይ ማርሚታው ሲግል እስካሁን ይመጣብኛል፤ የመጀመሪያው የጸጉሩ፣ ቀጥሎ የጥብሱ። ሌሎች መምህራን ከኋላዬ ተሳፍረው ምንም አይሸተንም ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥብስ አልበላሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰዓት በክፍሌ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ሐጂ በረንዳው ላይ ከምራታቸው ጋር ሲቀመጡ ሰማሁ። ምራታቸው እስከ አምስተኛ ክፍል የተማረች፣ ሱቅ የምትጠብቅ ሴት ናት። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። ከማዘጋጃ ቤት ሌላ ደብዳቤ መጥቷል ማለት ነው። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረች ነበር የምታነበው፤ እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን እየጠራች፣ እየተመለሰች።

«... ማስ... ማስረጃ... በ... በተያ...»

ተያዘች። እንደገና ጀመረች። እንደገና ተያዘች። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በየደብዳቤው የሚመጣ ተራ የቢሮ ቃል ነው፤ በተያያዘው ነው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። የክፍሌ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገፋሁት።

ሐጂ አዩኝ። ዓይናቸው አልተጨፈነም፤ የምራታቸው ጣት ያረፈበትን ቦታ ተጎንብሰው አብረው እያዩ ነበር። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን በትንሹ አነሡ።

«ተዋት፣ መምህር» አሉ። «ቀስ ብላ ትደርስበታለች።»

በሩን መልሼ ዘጋሁትና ፈተናዬን ማረም ጀመርኩ። ቃሉ ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።